የጋሽ ጉጠት ጥርስ

ሐኪሟ ወደ አናጢው ቤት የገባችው ስለ ጥርስ ልታወራ አልነበረም። የእናቷን ወንበር ተሸክማ ነው የመጣችው፤ አንድ እግሩን ትል በልቶት፣ ቤተሰቡ ሁሉ "ጣይው" ያላትን ወንበር። አናጢው በዚያ ቀን ግራ ጉንጫቸው አብጦ በሻሽ ታስሯል፤ አንድ ዓይናቸው ሊከደን ምንም አልቀረውም። ቢሆንም ወንበሩን ሲያዩ ሕመማቸውን ረሱት። ገለበጡና የተበላውን እግር በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት።

"ማነው ጣይው ያለሽ? እግሩ ተበላ ተብሎ ወንበር አይጣልም። የበሰበሰውን ሰርስሬ አወጣለሁ፤ ቀዳዳውን አጸዳለሁ፤ በሰጋቱራና በኮላ እሞላዋለሁ። ከዚያ በኋላ ከእኔም ካንቺም ዕድሜ በላይ ይኖራል።"

ሰፈሩ እኚህን አናጢ "ጋሽ ጉጠት" ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው በምስማር መንቀያቸው ነው፤ በዚያ ጉጠት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከምስማር ጋር የጎረቤቱን ጥርስ ሲነቅሉ ኖረዋል። የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ይዘገንነዋል፤ ሰፈሩ ግን ይኮራባቸው ነበር፤ እሳቸውም አልጠሉትም። ዛሬ ተራው እንደገና የራሳቸው ነው። ጉጠቱ በፈላ ውሃ ታጥቦ ከመላጊያው አጠገብ ተቀምጧል፤ ባለቤታቸው ደግሞ መስታወት ይዘው ቆመዋል።

የታመመው ጥርስ የግራ መንጋጋቸው ነበር። ሲሠሩ ምስማር በጥርሳቸው ነክሰው መያዝ ልማዳቸው ነው፤ አንድ ቀን ምስማሩን አጥብቀው ቢነክሱት ጥርሱ ተሰነጠቀ። በቀኝ በኩል የሚያኝኩበት የለም፤ ራሳቸው ነቅለው ጨርሰውታል። ይህም ከወጣ የቀረው ዕድሜ ዳቦ በሻይ እየነከሩ መኖር ነው። ይህን ያውቃሉ፤ ግን አፍ አውጥተው አላሉትም።

ሐኪሟ ጉንጫቸው ምን እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

"ጥርስ ነው። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ? ባዳ ሲያስቸግር ከቤት ይወጣል።"

የጥርስ ሐኪም መሆኗን ስትነግራቸው ባላበጠው ጉንጫቸው ፈገግ አሉ። "እንግዲያው የሙያ ጓደኛሞች ነና! እስካሁን ስንት ነቀልሽ?"

"ከነቀልኩት ያዳንኩት ይበልጣል፣ አባቴ።"

ይህ መልስ አልጣማቸውም። ጥርስ ሐኪምም ሆነ አናጢ ያው ነቃይ ነው፤ ልዩነቱ ነጭ ጋዋን ነው ብለው ያምናሉ። "ስሚ ልጄ፣ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ከሥሩ ያልተነቀለ በሽታ ተመልሶ ይመጣል።"

"ተረቱስ ልክ ነው። ግን ነገርን ከሥሩ ተባለ እንጂ ሥሩን ንቀል አልተባለም።"

ከዚያ በእርጋታ አስረዳቻቸው። ጥርስ ድፍን አይደለም፤ መሐሉ እስከ ሥሩ ጫፍ የሚወርድ ቀጭን ቦይ አለው፤ በቦዩ ውስጥም ነርቭና የደም ሥር አለ። በስንጥቁ የገባው ጀርም ይህን አበስብሶታል፤ ጉንጫቸውን ያሳበጠውም ከሥሩ በታች የቋጠረው መግል ነው። ጥርሱን ከላይ ከፍታ ቦዩን ብትጠርግ፣ ብትሞላና ብትደፍነው፣ ጥርሱ በቦታው ይቀራል።

"ነርቩ ወጣ ማለት ሞተ ማለት ነው" አሉ ጋሽ ጉጠት። "እኔ በቁሜ አፌ ውስጥ ሬሳ አልሸከምም።"

ሐኪሟ ግድግዳው ላይ የተደገፉትን በሮች፣ ሳንቃዎችና ያላለቀውን አልጋ አየች። "ይህ ሁሉ እንጨት በሕይወት አለ እንዴ?"

አናጢው ወደ ሳንቃዎቹ ዞሩ።

"ከእርጥብ እንጨት በር ይሠራሉ?"

"ይጣመማላ" አሉ ሳይወዱ።

"ደረቁስ?"

"ደረቁማ ይሸከማል።"

"የእርስዎም ጥርስ እንደዚያው ነው። ሕመም አይሰማውም፤ ድዱና አጥንቱ ግን ሕያው ስለሆነ እንደተተከለ ይሸከማል።"

በነገር መሸነፍ አንድ ነገር ነው፤ እሺ ማለት ሌላ። ሰው የኖረበትን ልማድ ስህተት ነው ሲሉት ዕድሜውን የሰደቡት ይመስለዋል። ጋሽ ጉጠትም ጉጠቱን አነሱ። "አልሄድም። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበትን ትናንት የተወለደች ልጅ አታስተወኝም።"

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ጎንበስ ብላ ወንበሯን አነሳች።

"ወዴት ነው?"

"የራሱን ጥርስ ነቅሎ ለሚጥል ሰው የእናቴን ወንበር አልሰጥም።"

ባለቤታቸው መስታወቱን እንደያዙ፣ በሌላ እጃቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ሁልጊዜም ሲስቁ አፋቸውን ይሸፍናሉ። ጋሽ ጉጠት በሚስታቸው ፊት ሙያቸው ሲናቅ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ።

"ወንበሩን አስቀምጪ" አሉ። "ነገ እመጣለሁ። ጉጠቴ ግን ከኪሴ አይወጣም። የማይሆን ከሆነ እዚያው ፊትሽ እነቅለዋለሁ።"

እንዳሉትም ጉጠታቸውን በኪሳቸው ይዘው ሄዱ። ሐኪሟ ጥርሱን በራጅ አይታ ስንጥቁ ሥሩ ድረስ እንዳልወረደ ነገረቻቸው። የማይድን ቢሆን ኖሮ ሳትደብቅ እንደምትነቅለውም ነገረቻቸው። መርፌው ሲወጋቸው ጉጠቱን በኪሳቸው ጨበጡ። ትንሽ ቆይቶ ግን ከትሪው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ ጥርስ ጥርስ ያላቸው ዘንጎች አዩ።

"ሞረድ ነው እንዴ?"

"ሞረድ ነው። የቦዩን ግድግዳ የምሞርድበት።"

እጃቸው ጉጠቱን ለቀቀ። መሙያው ከዛፍ ሙጫ እንደሚሠራ ስትነግራቸውማ፣ አፋቸው ተከፍቶ ባይሆን ኖሮ ብዙ በተናገሩ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ቦዩን ጠርጋ መድኃኒት ጨመረችበት፤ በሳምንቱ እብጠቱ ጠፍቶ ሲመጡ ሞላችው፤ በሦስተኛው ቀጠሮ እንዳይሰነጠቅ ጠንካራ ክዳን አለበሰችው። ደረቅ ዳቦ ነክሰው አኘኩ። ጥርሱ ምንም አላለም።

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ። "ባለቤቴን ስድስት ጥርስ ነቅዬባታለሁ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ይድኑ ነበር?"

"ሳላያቸው አልዋሽዎትም፣ አባቴ። አንዳንዶቹ ግን ይድኑ ነበር።"

ያ ቃል ከመርፌው ይልቅ አመማቸው። ሚስታቸው ሲስቁ አፋቸውን ለምን እንደሚሸፍኑ ጠይቀዋቸው አያውቁም፤ ዓይን አፋርነት ነው ብለው ኖረዋል። ቤት ደርሰው ሁሉንም ሳይሸሽጉ ለሚስታቸው ነገሯቸው። ባለቤታቸውም፣ "ያኔ አታውቅም ነበር። ዛሬ ግን አውቀሃል። የቀሩኝን እንዳትነካብኝ፤ ነገ እኔንም ይዘኸኝ ትሄዳለህ" አሏቸው።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ጉጠት ምስማር የሚይዙት በቆርቆሮ ጣሳ ነው። ወር ሳይሞላ ጎረቤታቸው ሹፌሩ ጉንጩን ይዞ መጣ።

"ጋሼ፣ ቶሎ ይንቀሉልኝ፤ መኪናው ቆሞ ይጠብቀኛል።"

"አልነቅልም። ጉጠቱ የምስማር ነው።"

ሹፌሩ ቀልድ መሰለው። ጋሽ ጉጠት ግን ከሐኪሟ የሰሙትን እንደ ራሳቸው ሙያ አስረዱት። ጥርሱ ከዳነ በገዛ ጥርሱ ያኝካል፤ ጎረቤት ጥርሶቹ ወደ ባዶው ቦታ አያዘሙም፤ መንጋጋው አይሟሽሽም። መግሉን ዝም ካለው ግን ወደ ሌላ አካል ሊሄድ ይችላል። ከሁሉ በፊት፣ ጥርስ መሰንጠቁ እንደታወቀ ሳያብጥ መታየት ይሻላል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው። ጥርሱ የማይድን ቢሆን እንኳ የሚነቅለው ሐኪም እንጂ አናጢ አይደለም።

"ይህ ሁሉ ወሬ ለአንድ ጥርስ?" አለ ሹፌሩ ተናዶ። "ሠላሳ ዓመት ነቅለው ማን ሞተብዎት? እትዬ፣ እርስዎ እንኳ ይንገሩልኝ እንጂ!"

ባለቤታቸው እንጨት ሲያለሰልሱበት የነበረውን ብርጭቆ ወረቀት አስቀምጠው ወደ ሹፌሩ ቀረቡ። እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ አፋቸው ሊሄድ ተነሳ፤ መልሰው አወረዱት። ከዚያ ማንም አይቶት የማያውቀውን አፋቸውን በሰፊው ከፍተው፣ ባዶውን ድድ በአንድ ወገን፣ ባዶውን ድድ በሌላ ወገን፣ ሹፌሩ እስኪያፍር ድረስ አሳዩት።

"አየኸው? ማንም አልሞተም" አሉት። "እኔ ግን ሃያ ዓመት አፌን ሳልሸፍን አልሳቅኩም። በል አሁን ወደ ሐኪሟ ሂድ።"

ሹፌሩ ሄደ። ጋሽ ጉጠት ጉጠቱን ግድግዳው ላይ ሰቀሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።