ሰርጓጇና ሟርተኛዋ

ጎረቤቶቹ «ጋሼ ሞገድ» ይሏቸዋል። ዕድሜያቸውን በሙሉ ራዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሱቃቸውን ከዘጉ በኋላም ጆሯቸው ከሞገድ አልተላቀቀም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክንድ የሚያህል ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው የፎቁን ደረጃ ሲወጡ፣ መሀል ላይ የብረቱን መደገፊያ ጨብጠው ቆሙ። ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። «ደግሞ ያ ነገር እንዳይሆን» አሉ በሆዳቸው።

ያ ነገር ምን እንደሆነ የሚያውቁት እርሳቸውና ፈጣሪ ብቻ ነበሩ። ባለፈው ወር የሥራ ጠረጴዛቸው ላይ እንዳቀረቀሩ ስኳራቸው ወርዶ ወድቀው ነበር። ሲነቁ ጉንጫቸው ወለሉ ላይ ነው። የሽቦ መበየጃው ብረት እንደ ጋለ ጠረጴዛውን አክስሎታል፤ ጭሱ ክፍሉን ሞልቶታል፤ በሩ ከውስጥ በመቀርቀሪያ ተዘግቷል። መስኮቱን ከፍተው ጭሱን አስወጡት፤ ነገሩም አብሮ የወጣ መሰላቸው። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ክፉ ነገር ሲያወሩት ይመጣል ብለው ያምናሉና።

«ጋሼ፣ እስቲ አረፍ ይበሉ» የሚል ድምፅ ከላይ ሰሙ። ከበላያቸው ባለው ቤት የምትኖረው ነርስ ወደ ሥራ ልትሄድ ስትወርድ ነው።

«ደኅና ነኝ ልጄ። ደረጃው ነው የረዘመብኝ።»

«ትናንትም ይኸው ደረጃ ነበር።»

«ትናንት ቱቦ አልያዝኩም።»

ነርሷ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ከግንባራቸው ላይ አልተነሣም። ከቦርሳዋ ከረሜላ አውጥታ ሰጠቻቸው። ጋሼ ሞገድ ያለ ወትሯቸው አንድም ክርክር ሳይገጥሙ አፋቸው ውስጥ ከተቱት፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አሳሰባት።

«ለመሆኑ ቱቦው ለምንድን ነው?»

«ለመርከብ። በሪሞት የምትታዘዝ፣ ውኃ ውስጥ ገብታ የምትወጣ ትንሽ ሰርጓጅ መርከብ እየሠራሁ ነው። አትሳቂ።»

«አልሳቅኩም።»

«በዓይንሽ ስቀሻል። ይልቅ ሳገኝሽ ደግ ሆነ፤ አንድ ትልቅ ስሪንጅ ፈልጊልኝ። መርፌውን ተዪው።»

«ማንን ሊወጉ ነው ጋሼ?»

«መርከቧን። ሆዷ ውስጥ ነው የሚቀመጥ። ውኃ ሲስብ ትከብድና ትሰምጣለች፤ ሲተፋ ትቀልና ትነሣለች። አየሽ፣ አተነፋፈሷ ነው።»

መርከቧን ለምን እንደሚሠሯት አልነገሯትም። ልጅ የላቸው፣ የልጅ ልጅ የላቸው፤ መጫወቻ የሚሰጡት ሰው የለም። ከወደቁ ወዲህ እጃቸውን ማመን አቅቷቸው፣ ጥቃቅን ሽቦ ይዞ ሳይንቀጠቀጥ መዋል ይችል እንደሆነ ሊፈትኑት ነው እንጂ።

ስሪንጁን ይዛ የመጣች ዕለት ነርሷ በሩን አንኳኳች። ከውስጥ መቀርቀሪያው ሲንፏቀቅ፣ ቀጥሎ ቁልፉ ሲዞር፣ ቀጥሎ ሰንሰለቱ ሲወርድ ቆማ አዳመጠች።

«ምን ያስቀመጡበት ቤት ነው ጋሼ?»

«ራሴን» አሉና አስገቧት።

ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ጠረጴዛው ላይ ነው። በወፍራሙ ሳንቃ መሀል መዳፍ የሚያህል ጥቁር ጉድጓድ ተቦርቡሯል።

«ይሄን ምን ነካው?»

«አርጅቶ ነው።»

«እንጨት ሲያረጅ ይቃጠላል እንዴ?»

«ዝም ብለሽ ስሪንጁን አምጪ» አሉ ጋሼ ሞገድ፤ ከዚያም ያረጀ ጋዜጣ ጎትተው ጉድጓዱን ሸፈኑት።

በሳምንቱ መርከቧ ተጠናቀቀች። ጋሼ ሞገድ ነርሷን ራሳቸው ጠሯት። የመታጠቢያ ቤቱ ገንዳ እስከ አፉ ተሞልቷል። ነጯ መርከብ ውኃው ላይ ተንሳፍፋለች፤ ክዳኗ በጎማና በሲሊኮን ማጣበቂያ ተደፍኗል። ሪሞቱን ሲነኩት ስሪንጁ ሆዷ ውስጥ ቀስ ብሎ ውኃ ሳበ፤ መርከቧም አፍንጫዋን ዘቅዘቅ አድርጋ ወረደች፣ ወለሉን ሳትነካ ቆመች፣ ተመልሳ ወጣች። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ነርሷ ከልቧ አጨበጨበች።

«እሑድ ወደ ትልቁ ኩሬ እወስዳታለሁ» አሉ። «እዚያ ጥልቅ ነው። ጥልቀት ደግሞ ለራዲዮ ጠላት ነው። ውኃ ሞገድን ይውጠዋል፤ እየወረድሽ ስትሄጂ ድምፅሽ ይከዳሻል።»

«እና እታች ሳለች ሞገዱ ቢጠፋስ?»

ጋሼ ሞገድ ፊታቸው ጠቆረ። «ምነው ልጄ፣ ገና ሳትወጣ ታሟርቺባታለሽ?»

«መጠየቅ ሟርት ነው እንዴ?»

«ነው እንጂ። ሰው በጀመረው ሥራ ላይ ‹ቢጠፋስ፣ ቢሰበርስ› አይባልም። ክፉን በስሙ ከጠራሽው ‹አቤት› ብሎ ይመጣል።»

«እኔ በምሠራበት ቤት በየአልጋው ራስጌ የኦክስጅን መስጫ አለ። በሽተኛው እንዲታፈን ተመኝተን የሰቀልነው ይመስልዎታል?»

«የእናንተ ቤት ሌላ ነው። እዚያ ክፉው ቀድሞ ገብቶ ተኝቷል። የእኔ ቤት አልገባም።»

«አልገባም?» አለች ነርሷ በዝግታ። አንገቷን ወደ ሌላው ክፍል፣ ጋዜጣ ወደ ለበሰው ጠረጴዛ ዘወር አደረገች። ጋሼ ሞገድ ፈጥነው የመታጠቢያ ቤቱን በር ገፋ አደረጉት።

«ስሚ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ ማታ ስተኛ ‹ጠብቀኝ› ብዬ አደራዬን ሰጥቼ ነው። አደራ ከሰጠሁ በኋላ ‹ባይጠብቀኝስ› እያልኩ ስዘጋጅ ማደር መጠራጠር አይሆንብኝም?»

ይህ ጥያቄ የዋዛ አልነበረም፤ ነርሷም በዋዛ አልመለሰችውም። የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «እኔም እጸልያለሁ ጋሼ። ግን እስቲ ይንገሩኝ፤ ሊጠብቅዎ ፈልጎ ሰው ቢልክስ? መቀርቀሪያዎ እኮ ሌባውንና የተላከውን ሰው አይለይም። ሁለታችንንም ውጭ ያቆመናል።»

ጋሼ ሞገድ መርከቧን እንደ ገና አሰመጧት፤ ወደ ፊት እንድትሄድም አዘዟት። ከዚያ፣ ለነርሷ ፍርሃቷ ከንቱ መሆኑን ለማሳየት ይሁን ወይስ ራሳቸውም ለማወቅ ፈልገው፣ የሪሞቱን ማብሪያ ማጥፊያ ቀጭ አድርገው አጠፉት።

መርከቧ አልቆመችም። አልወጣችምም። ከገንዳው ሥር ሆና የጅራቷ መቅዘፊያ ቢላ ይሽከረከራል፤ አፍንጫዋን ግድግዳው ላይ ደቅናለች፤ ትገፋለች፣ ትገፋለች። የሞተሩ ድምፅ በውኃው ውስጥ እንደ ታፈነ ጩኸት ይሰማል።

«ምን እያደረገች ነው?» አለች ነርሷ።

«መጨረሻ የሰማችውን ነዋ። ሂጂ ተብላለች፣ ትሄዳለች። የሚያስቆማት እንደሌለ በምን ታውቃለች? ባትሪዋ እስኪያልቅ…» የራሳቸው ቃል ጆሯቸው ውስጥ ተመልሶ ጮኸ። ጌታው ወለል ላይ ተዘርሮ ሳለ እንደ ታዘዘ ሲግል የዋለው ብረት ፊታቸው ድቅን አለ። እጅጌያቸውን ሳይሰበስቡ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ነክረው መርከቧን አወጧት።

«ብረቱም እንዲህ ነበር» አሉ።

«የቱ ብረት ጋሼ?»

ነገሯት። ወለሉን፣ ጭሱን፣ የተዘጋውን በር ነገሯት። ነርሷ አልተቆጣችም፣ «ብዬ ነበር» አላለችም፤ ፎጣ አንሥታ ክንዳቸውን አደረቀችላቸው እንጂ።

«ብዙ ቆዩ ወድቀው?»

«እኔ በምን አውቃለሁ ልጄ? ሰው አልነበረም።»

ይህን ካሉ በኋላ የዝምታቸው ጥቅም ምን እንደ ነበረ ለራሳቸው ፈልገው አጡት። ክፉው ሳይጠሩት መጥቶ ነበር። ዝም ማለታቸው የከለከለው ክፉውን ሳይሆን ረዳቱን ነው።

በማግሥቱ ነርሷ ሐኪም ዘንድ ይዛቸው ሄደች። የሚወስዱት ኪኒን ከሚበሉት ምግብ ጋር አለመመጣጠኑ ታወቀ፤ ሐኪሙ ቀነሰላቸው። ቢናገሩ ኖሮ ገና ያኔ ይስተካከል ነበር። ከዚያ ወደ መርከቧ ተመለሱ። የመርከቧ ተቀባይ ሞገድ ባጣ ጊዜ ሞተሩን የሚያቆምና ስሪንጁን ውኃ የሚያስተፋ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ሠርተው ሆዷ ውስጥ አስገቡ። በገንዳው ሞክረው ሪሞቱን ሲያጠፉት ቢላው ቀጥ አለ፤ መርከቧም ማንም ሳያዛት ቀስ እያለች ወጣች።

«ይቺን ሰርኪዩት ምን ልበላት?» አሉ።

«እርስዎ ይሰይሟት።»

«ሟርተኛዋ» አሉ። ነርሷ እስከሚያስላት ድረስ ሳቀች።

ነገሩን ቆም ብሎ ላየው ሰው ሟርትና ዝግጅት በአፍ ይመሳሰሉ እንጂ በልብ አይገናኙም። ሟርተኛ ክፉውን ይመኛል፤ የሚዘጋጅ ሰው ግን ክፉው ቢመጣ ባዶ ቤት እንዳያገኝ ይተጋል። ብቻውን የሚኖር ሰው ሕመሙን ለጎረቤቱ ቢነግር ክብሩ አይቀንስም። እንዲያውም የሌሊቱን ሥጋት የሚጋራው ሰው ያገኛል፤ ሐኪሙ ትክክለኛውን መድኃኒት ያውቃል፤ ጎረቤትም በር ሰብሮ ከመግባት ይድናል። ጸሎትም ቢሆን በተከፈተ በር ሲገባ አይቀንስም።

ጋሼ ሞገድ ሰርኪዩቷን በሰየሙ ቀን አመሻሽ ላይ መፍቻ ይዘው መቀርቀሪያውንና ሰንሰለቱን ከበሩ ነቀሉ። ነርሷን ጠርተው ትርፉን ቁልፍ መዳፏ ላይ አኖሩት።

«ቁልፉ ብቻ አይበቃኝም» አለች። «ምን እንዳደርግ ይንገሩኝ። በአፍዎ ልስማው።»

ጋሼ ሞገድ ግራ ቀኝ አዩ። «ምናልባት… እንዲያው…»

«‹እንዲያው› አይደለም ጋሼ። በግልጽ።»

«ወድቄ…» አሉ። «ወድቄ ብታገኚኝ፣ መዋጥ ከቻልኩ ስኳሩ ከጠረጴዛው በላይ ባለው መደርደሪያ ነው። ካልነቃሁ አፌ ውስጥ ምንም አታድርጊ፤ በጎኔ አስተኝተሽ አምቡላንስ ጥሪ። የጋለ ብረት ካለ ቀድመሽ ከሶኬቱ ንቀይ።»

ተናግረው ሲያበቁ ጆሯቸውን ቀሥረው ጠበቁ፤ ዕድሜ ልካቸውን የፈሩት ነገር ተጠርቷልና። ከመታጠቢያ ቤቱ አንድ ጠብታ ውኃ ሲንጠባጠብ ተሰማ። ሌላ የመጣ ነገር አልነበረም።

«አንዴ ይድገሙልኝ» አለች ነርሷ፤ በሁለተኛው ጊዜ ድምፃቸው ሳይሰበር ነገሯት።