ስሜን የወሰደው በሬ

ጥፋቱ የኔ ነው። ለፋሲካ የገዛነውን የቅርጫ በሬ፣ ከብት ያውቃል ብዬ አብሮኝ በሚያስተምረው በጋትሉዋክ ግቢ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ለኑዌር ሰው የሚታረድ በሬ አደራ ይሰጣል? ቅዳሜ ልናርደው ስንሄድ ቀንዱ ላይ ዘርፍ አስሮለት እየዘፈነለት አገኘነው።

«ስም አውጥቼለታለሁ» አለ።

«ለሚታረድ በሬ?»

«እናንተ ስሙን ሳታውቁ ነው እንዴ የምትበሉት? በጓደኛዬ ስም አየለ ብዬዋለሁ።»

አየለ እኔ ነኝ። ቢላ የያዘው ባልደረባችን በሬውን አየ፤ እኔን አየ። «በሉ እንግዲህ፣ አየለን ጣሉልኝ!» ሲል ሳቃችን ፈነዳ። ከዚያ በኋላ ማን ይንካው!

በማግስቱ በባሮ ዓሣ ፈሰክን። እኔም ሳህኑን ወደ ጋትሉዋክ ገፋ አድርጌ፣ «ይሄኛው ስሙ ጋትሉዋክ ነው» አልኩት። ሳቀና ከሁላችንም ቀድሞ ጎረሰው።