ተንቀዠቀዠች እንጂ ቀዥቃዣ አይደለችም

ልብስ ሰፊው በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ሊዘጋ ከቁልፉ ጋር ሲታገል፣ ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው መምህርት ደረጃው ሥር አገኘችው።

«ጋሼ፣ በዚህ ሰዓት? ሰው ታመመ እንዴ?»

«ሥራዬ ነው የሞተው!» አለ። «ልጄን የሙሽራ ቀሚስ ቁረጪ ብላት በደስታ መሬት አልበቃ አላት። ሜትሩን ትጥላለች፣ መቀሱን ይዛ መቀሱን ትፈልጋለች! ‹አንቺ ቀዥቃዣ!› አልኳት። የሙሽራዋ እናት ሰማችና ‹ቀዥቃዣ የልጄን ቀሚስ አይነካም› ብላ ጨርቋን ጠቅልላ ሄደች።»

«ልጅቱስ?»

«‹ሌላ ሰው ቅጠር› ብላኝ ወጣች። ጥጋበኛ!»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጥፋቱ የእርስዎ ነው።»

የግንባሩ ደም ሥር ተገተረ። «የእኔ? አልተንቀዠቀዠችም ልትዪኝ ነው?»

«ተንቀዥቅዣለች። እሱ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ደስታዋ ሲሰክን አብሮ ይሰክናል። ቀዥቃዣ ግን ስም ነው። ስም ከሰው ጋር ገበያ ይወጣል፣ ትዳር ይገባል። ይኸው፣ ከሱቅዎ ሳይወጣ ጨርቅ አስወሰደ።»

«የትምህርት ቤት ወግ! እኛ ስንሰደብ አድገን ምን ሆንን?»

ይህን ሲል ቁልፉ ከእጁ አመለጠ። አነሳው፤ ገልብጦ ሰካው፤ እንቢ አለ። መልሶ ጣለው።

«ታዲያ እርስዎን ቀዥቃዣ ልበልዎ?»

«አፍሽን ያዢ! ተናድጄ ነው እጄ የከዳኝ!»

«እሷም ተደስታ ነው የከዳት። ለእርስዎ እጅ ምክንያት ሲገኝለት ለእሷ እጅ ስለምን ስም ወጣለት?»

ሰውየው ቁልፉን አንስቶ ኪሱ ከተተ። ቁጣው አልበረደም፤ ዞሮ ራሱን ያዘው እንጂ። ሱቁን ሳይዘጋ ቀጥ ብሎ ወደ ሙሽራዋ እናት ቤት ሄደ።

«ቀዥቃዣውስ የእኔ ምላስ ነው» አላት በር ላይ ቆሞ። «የልጄ እጅ ምን አጠፋ?»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ የሰደቧት?» ብላ ጮኸችበት። «የሰደብኳትስ እኔ ነኝ፤ እሷ ደስ ብሏት ነው እጇ የከዳት» አላት። ልጅን ከአባቷ በላይ ማን ያውቃታል ብላ አምናው እንደነበር ነገረችው፤ ኋላም ጨርቁን ሰጠችው።

ሰው ልጁን በስም ሲያስር የገዛ ቤቱን እጅ ያስራል። የተበላሸ ስፌት ይፈታል፤ የተለጠፈ ስም ግን መፍቻ የለውም። ፈጣሪ ምላስን ከጥርስ ጀርባ ያስቀመጣት ለዚህ ይመስላል።

በማግስቱ፣ አባቷ ማታውኑ ይቅርታ ጠይቆ የመለሳት ልጅ ጨርቁን ስትዘረጋ ሜትሩ ዳግመኛ ወደቀ። ደንግጣ አባቷን አየችው። ጎንበስ ብሎ አነሳላት።

«ደስ ብሎሽ ነው» አላት። «ቀስ በይ፤ ጨርቁ የትም አይሄድም።»

መቀሱ ቀጥ ብሎ ሄደ።