ምጥን ሽሮ

ከደብረ ታቦር ገበያ በተሳፈርኩባት ባጃጅ ውስጥ አንዲት እናትና አንድ ጎልማሳ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ሰውየው ሽንኩርት የያዘ ፌስታል ጉልበቱ ላይ አድርጓል።

«ምን ልትሠራበት ነው ልጄ?» አሉት እናት።

«ሽሮ ነው እማማ። ለብቻዬ ነው የምኖር፤ ሌላ ወጥ አላውቅበትም።»

«እንዴት አድርገህ ትሠራዋለህ?»

«ሽንኩርቱን አቁላላለሁ፤ ዘይትና ውሃ እጨምራለሁ። ሲፈላ ትንሽ ዱቄት እበትንበታለሁ።»

«ትንሽ ስትል?»

«አንድ የሻይ ማንኪያ።»

«ታዲያ ይኸ ሽሮ ነው ወይስ ድስት የታጠበበት ውሃ?»

ሰውየው ሳቅ አለ። «ቀጠን ይላል፤ እውነትዎን ነው።»

«ጨምርበት እንጂ። ሽሮ ወፈር ብሎ ሲንተከተክ ነው ደግ። ዱቄቱን ከሱቅ ነው የምትገዛ?»

«የለም፣ ምጥን ነው። ባለቤቴ ናት ያዘጋጀችው።»

«ጎሽ። ባልትና ያላት ሴት ናት ማለት ነው። ሽምብራውንም፣ ቅመሙንም በልኩ መጥናልሃለች። ታዲያ ምን ያሳሳሃል? ሲያልቅ ሌላ ትመጥንልህ የለ?»

ሰውየው የፌስታሉን አፍ ቋጠረ፤ መልሶ ፈታው።

«እሷማ አረፈች እማማ። ሽሮው ነው የቀረኝ።»

«ነፍሷን ይማር ልጄ።»

«አሜን። አሁን የመመጠኑ ተራ የኔ ሆነ፤ ቶሎ እንዳያልቅብኝ።»

እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉና መንገድ መንገዱን አዩ።

«እንግዲያው ይቅጠን» አሉ ቆይተው።

ያን ቀን ቤቴ ለምሳ የቀረበልኝን ሽሮ፣ ድስቱ ላይ የቀረውን እንኳ ሳላስቀር በእንጀራ ጠርጌ በላሁት።