ሳይጠየቅ የሚጠግን

ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሙቀቱ የሾፌሩን መሪ ሊያቀልጠው ምንም አልቀረው። ከፊቴ አንድ ጎልማሳ አዲስ ላፕቶፕ እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው አጠገባቸው ላለችው ወጣት ያወራሉ።

«ያንን አፕዴት የሚሉትን፣ ራሱን በራሱ የሚያድሰውን ነገር አዘግቼው መጣሁ፤ አልሃምዱሊላህ!»

«ውይ ጋሼ! ለምን? እኔ ኮምፒውተር አስተምራለሁ፤ እሱ እኮ አይዘጋም።»

«ሳልጠይቀው ከኢንተርኔት ያወርዳል፣ ጠፍቶ ይነሳል። እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ፤ ከተማችን በግጭቱ ከመቃጠሏ በፊት ያነሳሁት የአጣዬ ሰርግ ሁሉ ተገልብጦ እዚህ ውስጥ ነው። ሳይጠየቅ የገባ ምን እንዳደረገን ረሳሽው?»

«አልረሳሁም ጋሼ። የእኛም ቤት ነዷል።»



«ይሄ ግን» አለች ልጅቷ፣ «ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ሲገኝ ሠሪዎቹ የሚልኩት መድፈኛ ነው። ኮምፒውተሩም ከእነሱ መምጣቱን ሳያጣራ አይቀበልም።»

«አዲስ ዕቃ ምን ቀዳዳ አለው?»

«ሲሠራ ያልታየው በኋላ ይገኛላ። ጠፍቶ የሚነሳበትን ሰዓት ደግሞ እርስዎ ይመርጣሉ።»

«ፎቶዎቼስ?»

«አይነካቸውም። ለማንኛውም ሌላ ቦታም ቅጂ ያስቀምጡ።»

«ታዲያ ዘበኛዬን አባርሬ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ እየገባሁ ነው በይኛ!»

«እንደሱ ነው ጋሼ።»

«ወላሂ! በይ እንቺ፣ መልሰሽ ክፈቺልኝ። ቀስ በይ ታዲያ፣ ባለቤቴ እንኳ አልነካችውም።»

እኔም አጣዬ እስክንገባ ድረስ፣ ከቃጠሎው በኋላ ተጠግነው አዲስ ቆርቆሮ የለበሱትን ቤቶች በር በራቸውን እያየሁ ሄድኩ።