ቀበቶ የታሰረለት ኬክ

«ኬኩ እንዴት ነው ሐጃ ሰኒያ? ይብሉ እንጂ፣ ይጨመርልዎታል። ዛሬ ሙቀቱም ቀለል ብሏል አይደል? ከዓባይ በኩል ነፋስ ቢጤ አለ...»

እንሺራህ ይህን ያለችው ጮክ ብላ ነው። ሐጃ ሰኒያ የባሏ አክስት ናቸው፤ በቀኝ ጆሯቸው አይሰሙም፣ በግራውም የሚሰሙት ሲፈልጉ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ አፋቸው በክሬም ተሞልቷል። በመላው መንሱራ ለእንሺራህ ዓላማ ከእሳቸው የተሻለ አድማጭ አይገኝም። ለእሳቸው ተብሎ ጮክ የሚባል ነገር ከሶፋው ማዶ ለተቀመጠም ሰው ይደርሳል። ከሶፋው ማዶ የተቀመጠችው ኬኩን ከቶሬል ሰፈር በመኪናዋ ያመጣችው የወንድሟ ሚስት ነበረች።

የልጇ የራድዋ አራስ ልጅ፣ ሰሊም፣ ዛሬ ሰባት ቀኑ ነው። እንደ ሰባተኛው ቀን ወግ በወንፊት ተወዝውዞ፣ የነሐስ ሙቀጫ በጆሮው ሥር ተደልቆ፣ «እናትህን ስማ፣ አባትህን አትስማ» ተብሎ አሁን ተኝቷል። ነገ ጠዋት ከወላጆቹ ጋር ወደ እስማኢሊያ ይሄዳል። መንገዱ የሁለት ሰዓት ነው፣ የጭነት መኪና ይበዛበታል፤ በአባቱ በአስተማሪው በወጊህ አሮጌ መኪና ውስጥ ደግሞ የሕፃን ወንበር የለም። እንሺራህ ባለፈው ሳምንት ለወንድሟ ሚስት ደውላ፣ ያንቺን ለአንድ ቀን አውሺን ብላት ነበር። ያገኘችው መልስ «ላስቲኩ እንኳ ገና አልተነሳም፣ ያሳዝናል» የሚል ነበር።

«ደግሞ ኬኩን ልብ ብለውታል ሐጃ? አንድ የክሬም አበባ እንኳ አልተጨፈለቀም። ከቶሬል ሰፈር እስከዚህ ስንት ጉድጓድ አለ? ስንት ጉብታ? እኔማ ገርሞኝ ወጊህን ጠየቅሁት። ከመኪና ያወረደው እሱ ነዋ። የኋላውን በር ቢከፍት፣ ኬኩ እንደ ሚኒስትር ተቀምጧል... የሕፃን ወንበር ላይ። ላስቲኩ እንዳለ። ቀበቶው ከግራም ከቀኝም ታስሮለት። ወጊህ ቀበቶውን ለመፍታት ጊዜ ፈጀበት አሉ። ምን ያድርግ የኔ ምስኪን፣ የት አይቶት ያውቃል?»

ሐጃ ሰኒያ ሌላ ቁራጭ ጎረሱ።

«እኔ ግን አደነቅሁ፣ እውነቴን ነው። ጥንቃቄ ማለት ይሄ ነው። ለኬክ እንዲህ የሚሳሳ ሰው፣ ለሰውማ እንዴት ይሆን?... ቀስ ብለው ይዋጡት ሐጃ፣ ማንም አይወስድብዎትም።

«እኛም እኮ ልንገዛ ፈልገን ነበር። ወጊህ ከተማውን አዳረሰ። የመጀመሪያው ሱቅ የውጭ አለው፣ ያምራል፤ የአስተማሪ የሦስት ወር ደሞዝ ነው። ‹ሦስቱን ወር ምን ልብላ?› ቢለው ሻጩ ሳቀ። ሁለተኛው ርካሽ አለው፤ ቀበቶውን ሳብ ሲያደርጉት ይለቃል። ‹ለጌጥ ነው› አለው፣ ቢያንስ አልዋሸም። ሦስተኛው ዘንድ አሮጌ አገኘ። ‹ቀበቶው ምነው ተቆረጠ?› ቢለው፣ ‹ልጁን ለማውጣት ነው፣ ግን ተርፏል› አለው... ታዲያ ምን ይደረግ? ራድዋ ታቅፈዋለች። እኛስ በእቅፍ አይደል ያደግነው? እኔ ራሴ በጭነት መኪና ላይ፣ በቲማቲም ሣጥን መሃል ነው ያደግሁት። ልጅ እቅፍ ይበቃዋል። ኬክ ነው እንጂ በእቅፍ የማይሆነው... ክሬም ነዋ።»

የወንድሟ ሚስት ከአራሷ ጋር የቀረበላትን ትኩስ የአራስ መጠጥ፣ ሙጋት፣ ታማስል ነበር። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፣ ማንኪያው ግን አሁንም ይዞራል። እንሺራህ ወደዚያ አላየችም። የማንኪያው ድምፅ በቂዋ ነበር።

«ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ አይደል ሐጃ? ያልያዙት ደግሞ አይቀደድም። ስንት ዓመት ሙሉ ላስቲኩ ላይ አንድ ጭረት የለም። ሳሎን ውስጥ ከክሪስታሉ ጎን ተቀምጦ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እንግዳ ሁሉ ‹ከኩዌት ነው?› ይላል። ከኩዌት ነው። እዚያ የሚሠራ ልጅ ነው የላከው። ‹እማዬ፣ በጋ ላይ የልጅ ልጅሽን ይዤ ስመጣ፣ ከአየር ማረፊያ በዚህ ትወስጂዋለሽ› ብሎ። እንዲህ ያለ አሳቢ ልጅ የት ይገኛል? ስንት በጋ ሆነው እንግዲህ... እኔ ቁጥር አልችልበትም። ያ የልጅ ልጅ ሁለተኛ ክፍል ገባ አሉ። ፎቶውን አይቻለሁ፣ እግሩ ረጅም ነው፣ ማሻአላህ። ወንበሩ ጎን ላይ ‹እስከ አራት ዓመት› የሚል ተጽፏል... ላስቲኩ ስለሚያንጸባርቅ ግን ጽሑፉ ደህና አድርጎ አይነበብም።»

ማንኪያው ቆመ።

የወንድሟ ሚስት ቦርሳዋን ከፍታ የመኪናዋን ቁልፍ አወጣች። ለእንግዶች ከተዘጋጁት የሽምብራና የከረሜላ ከረጢቶች አጠገብ፣ ትሪው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ በአንድ ጣቷ ወደ ራድዋ ገፋ አደረገችው። ወጊህ ቁልፉን አንስቶ ወጣ፤ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ሲወርድ ተሰማ። ወንበሩ ተገኘ።

እንሺራህ እዚህ ላይ ዝም ብትል ኖሮ የሚወቅሳት አልነበረም። ነገር ግን ከጠዋት ጀምሮ፣ ሽምብራውን በየከረጢቱ ስትሞላ፣ አንድ ምርቃት ስታሰናዳ ነው የዋለችው። የተሰናዳ ነገር መዋጥ ደግሞ ከልጅነቷ አይሆንላትም። እጆቿን ወደ ላይ ከፍታ ዘረጋች። ድምፅዋም ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ፤ ሐጃ ሰኒያ በዚህ ድምፅ ሊሰሟት አይችሉም ነበር።

«አፍዎ ስለሞላ እኔ ልመርቅልዎ ሐጃ። የሰጠች እጅ አትጠር። አላህ ያላትን ሁሉ እንደ አዲስ ያቆይላት። ወጊህ ነገ ማታ ወንበሩን ይዞልን ሲመለስ አጥበን፣ በላስቲኩ ጠቅልለን፣ ከክሪስታሉ ጎን እንመልስላታለን... የልጅ ፍርፋሪ አይንካው፣ የልጅ ጫማ አያቆሽሸው። ሳሎኗ ዕድሜዋን ሙሉ እንደ ዛሬው ንጹሕ፣ እንደ ዛሬው ጸጥ ያለ ይሁንላት። አሚን ይበሉ እንጂ ሐጃ።»