አርባዎቹ ቀይ በርሜሎች

ጡረታ የወጡት ሃምሳ አለቃ ልብስ ሰፊው ዘንድ የሄዱት የኮታቸውን ቁልፍ ሊያስተክሉ ነበር። በሸሚዛቸው ኪስ የልጅ ልጃቸው ፎርም አለ። ልጅቷ የጦር ሕክምና ትምህርት ቤቱን ፈተና አልፋለች፤ የቀራት የአሳዳጊዋ ፊርማ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ቀንም ነገ ነው። እሳቸው ግን «ወይ ወታደር፣ ወይ ሐኪም! ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ብለው ድርቅ ብለዋል።

ሰፊው የኮሎኔል ማዕረግ በወታደር ልብስ ትከሻ ላይ እየሰፋ ነው። አንዲት ጎልማሳ ሴት አጠገቡ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

«ባለቤትሽ ኮሎኔል ናቸው ልጄ?»

«ባለቤቴስ የሒሳብ አስተማሪ ነው አባቴ። ማዕረጉ የእኔ ነው፤ የቆላ በሽታ ሐኪም ነኝ።»

ሽማግሌው ብድግ ብለው እጅ ነሡ። ሲቀመጡ ግን ክርክር አማራቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ኮሎኔል፣ ስንት ጊዜ ተኩሰዋል?»

«ከልምምድ በቀር አንድም። ሃያ ሦስት ዓመት በረሃ ለበረሃ ስዞር ያየሁት ግን ጥይት ከጣለው ይልቅ ትኩሳት የጣለው ወታደር እንደሚበዛ ነው።»

«ትኩሳትማ የፀሐይ ነው! ወንዝ ዳር ባለው ጦር ሰፈር አሥራ አንድ ዓመት ንብረት ስጠብቅ እኔንም ጥሎኛል። ሆኖም ለእሳት አደጋ ከተደረደሩት አርባ በርሜሎች አንድ ጣሳ ውሃ ጎድሎ አያውቅም። ‹አባ በርሜል› ነበር የሚሉኝ። ዛሬም ቤቴ አሸንዳ ሥር አንድ አለኝ።»

ኮሎኔሏ ቀና አለች። «ቀይ ቀለም የተቀቡት?»

«በዚህ እጄ ነው የቀባኋቸው!»

ሽማግሌ ማሳፈር አልወደደችም፤ እውነቱን መደበቅም አልሆነላትም።

«አባቴ፣ የመጀመሪያ ምድቤ እዚያ ነበር። ስደርስ ከመቶው ወታደር ሠላሳው ተኝቷል። ያን ትኩሳት የሚፈውስ ክኒን ደግሞ የለም። ስድስት ሳምንት ምንጩን ፈለግሁ። አንድ ቀን ከበርሜሎቹ ወደ አንዱ ጎንበስ ብል የትንኝ ዕጭ ይርመሰመሳል። በቀን የምትነክሰው፣ እግሯ ላይ ነጭ መስመር ያላት፣ ትኩሳቱን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት።»

የሃምሳ አለቃው ፊት ተለወጠ። «በእኔ ጊዜ የሞቱት ልጆች…» ብለው አልጨረሱትም።

«እርስዎ የታዘዙትን ጠበቁ። ደንቡን ያወጡት እሳትን አሰቡ እንጂ ትንኝን አላወቁም። እኔም ባልማር አላውቅም ነበር።»

«ታዲያ ውሃውን ደፋችሁት?»

«መድፋት ብቻ አይበቃም። ዕንቁላሉ ከበርሜሉ ግድግዳ ተጣብቆ፣ ደርቆ ወራት ይቆያል። በብሩሽ አስፈግፍገን አሸዋ ሞላንባቸው፤ እሳትን አሸዋም ያጠፋል። በሦስተኛው ወር አልጋዎቹ ባዶ ሆኑ፣ ነርሶቹ ካርታ መጫወት ጀመሩ። አዛዡ ‹ጦሬን ከአልጋ አስነሣሽልኝ› አሉኝ። አባቴ፣ የዚያን ቀን ኩራቴን በዚህ ማዕረግ አልለውጠውም።»

መቼም ለሰው ትልቁ ሽንፈት የኮራበትን ነገር ማፍረስ ነው። ሃምሳ አለቃው ግን የወታደር ልብ ነበራቸውና ስሕተታቸውን እንደ ትእዛዝ ቀጥ ብለው ተቀበሉ። ኮታቸውን እዚያው ረስተው ወጡ።

የልጅ ልጃቸው መሸት ሲል ቤት ስትደርስ፣ አያቷ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ባዶውን በርሜል በብሩሽ ይፈገፍጋሉ።

«አባባ! ምን ሆነሃል?»

«ፎርሙ ኪሴ ውስጥ ነው፤ እጄ እርጥብ ነው፣ አንቺው አውጪው።»

አወጣችው። ተፈርሟል።

«ሂጂ ተማሪ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «እኔ ሳላውቅ ስቀልበው የኖርኩትን ጠላት፣ አንቺ ዐውቀሽ ትመቺዋለሽ።»